ከመኪና ጋር ስለታሰረች ካሴት

በአዋሽ አርባ መውጫ ለሚገኘው የተያዙ ተሽከርካሪዎች ግቢ ለተከበሩ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ግቢዎ አጥር የጠነከረ፣ ቢሮዎም እንደ ወትሮው በማቀዝቀዣ የበረደ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ ባለጉዳዮች በርዎ ላይ ፀሐይ ሲያነደን የሚያጽናናን እርስዎን እንዳልሞቀዎ ማወቃችን ነው።

ንጋትወርቅ እባላለሁ። ሰመራ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ፤ ከዚያ በፊት ሎግያ ላይ ካሴት እሸጥ ነበር። የምጽፍልዎ ግቢዎ ውስጥ ስለቆመው የሾፌር እስክንድር ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ነው። መኪናው ኮንትሮባንድ ተገኝቶበት ተወርሷል፤ በዚህ አንከራከርም፣ ሕግ ሕግ ነው። የፊታችን ማክሰኞ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች በሐራጅ እንደሚሸጥም ከማስታወቂያው አንብቤአለሁ። እኔ የምለምንዎ በመኪናው ቴፕ ውስጥ ተጣብቃ ስለቀረች አንዲት ካሴት ነው። የቴፑ ማውጫ ከተሰበረ ወዲህ እስክንድር መንገድ ላይ ሌላ ሙዚቃ ሰምቶ አያውቅም፤ ቅር ብሎትም አያውቅም።

ካሴቷ «የመንገድ ዳጉ» ትባላለች። የዱብቲ ጥጥ ለቃሚዎች ልጅ የነበረው አብዮትና የሎግያዋ አሪፋ በዘጠናዎቹ መጨረሻ የሠሯት የሂፕሆፕ ሥራ ናት። እርሱ በአማርኛ ይጀምራል፣ እርሷ በአፋርኛ ትቀበለዋለች። ምት የሚያወጣ መሣሪያ ስላልነበራቸው ቆሞ የሚያጓራ የከባድ መኪና ሞተር ቀድተው በአንድ አሮጌ ኪቦርድ አጀቡት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለ ጥጥ ሚዛን የሚናገር ዘፈን አለ፤ አሪፋ ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ስትወርድበት በሱቄ በር የሚያልፍ ረዳት ሁሉ እስኪያልቅ ቆሞ ይሰማ ነበር። አዲስ አበባ ወስደን ብናሰማቸው ግማሹ አፋርኛ ስለሆነ አይሸጥም አሉን። ዛሬም በየኤፍ ኤሙ የራፕ ጀማሪዎች ሲቆጠሩ እነዚህን ሁለቱን የሚያነሳ የለም፤ እኔም በሰማሁ ቁጥር ተናድጄ ሬዲዮኑን እዘጋለሁ። ካባዛናቸው ካሴቶች ከፊሉ በቆርቆሮ ሱቄ ሙቀት ተጣመሙ፣ ከፊሉን አዋሽ ሞልቶ ዱብቲ ላይ ወሰዳቸው። አብዮትም ነፍሱን ይማረውና አርፏል። የቀረችው የእርስዎ እስረኛ ብቻ ናት። አገር የዘነጋውን ሥራ፣ በቁልፍም ቢሆን፣ ጠብቆ ያቆየ ብቸኛ መሥሪያ ቤት የእርስዎ ስለሆነ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ይሁን እንጂ ስመላለስ ውኃ ስወቅጥ ከርሜአለሁና ጥቂት ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ማመልከቻዬን የተቀበሉኝ ምክትልዎ ሂፕሆፕ መጤ ባህል ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ ጊዜውን እንደማያጠፋለት ገልጸውልኛል። አፋር ምድር ላይ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የሞተውንና የተወለደውን በየተራ ሳይነጋገር እንደማይለያይ፣ ይህም ዳጉ እንደሚባል ምክትልዎ ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ደመወዛቸውን የሚበሉት እዚሁ ነውና። አሪፋና አብዮት ያደረጉት ያንኑ ወሬ መለዋወጥ በምት ማስኬድ ነው። በመጤነት ከሆነ ኤፍ ኤስ አሩም መጤ ነው፤ እርሱን ለመሸጥ ግን አልተጠየፋችሁትም።

2ኛ. ካሴቷ የመኪናው አካል ስለሆነች ልትለይ እንደማትችል ተነግሮኛል። መመሪያ ነውና አከብራለሁ። ሆኖም የዚያው መኪና ባትሪ፣ የጎን መስታወትና ሁለት የኋላ ጎማዎች ያለ ማንም ማመልከቻ ከአካላቸው ተለይተው ሄደዋል። በየትኛው መስኮት እንዳመለከቱ ቢጠቁሙኝ እኔም እዚያው እሰለፋለሁ።

3ኛ. ይህን ስጽፍ ትሕትናዬ እየከዳኝ ነው። አሪፋ ራሷ ከሎግያ ተነስታ ቀኑን ሙሉ በከባድ መኪና ተጉዛ ግቢዎ መጥታ ነበር። እርስዎ በመስኮት ብቅ ብለው ድምፁ የእርሷ ለመሆኑ ምን ማስረጃ እንዳላት ጠየቋት፤ ቀጥለውም እስቲ ዝፈኚና እንስማሽ አሏት፣ አጠገብዎ የነበሩትም ሳቁ። ክቡርነትዎ፣ አሪፋ ጉሮሮዋን ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አያልፍም። ቀዶ ሕክምናው ሲደረግላት ልጇ ጡት አልጣለችም ነበር። ዛሬ ልጅቷ ኮረዳ ሆናለች፤ የእናቷን እውነተኛ ድምፅ አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም፣ እናቴ ራፕ ታደርግ ነበር ስትልም የሚያምናት ጓደኛ የላትም። አሪፋ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ለዝና ሳይሆን ለዚህ ነው። እርስዎ ግን የጠፋብሽን ድምፅ አምጪና የጠፋብሽን ድምፅ እንስጥሽ ያሏት ያህል ነው። እርሷ ሻሿን አስተካክላ አልሐምዱሊላህ ብላ ወጣች፤ ያንንም አጠገቧ የቆምኩት እኔ እንጂ እርስዎ አልሰሙትም።

ስለዚህ አሁን የምጠይቅዎ ካሴቷን እንኳ አይደለም። ማክሰኞ ሐራጁ ከመጀመሩ በፊት እናትና ልጅ ጋቢናው ውስጥ እንዲቀመጡ ብቻ ይፍቀዱልን። ባትሪ እኔ ይዤ እመጣለሁ። ካሴቷ ሁለቱንም ገጽ እስክትጨርስ ልጅቷ በስልኳ ትቀዳለች፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን ቢያቀልጡትም ሆነ ቢመዝኑት የሚናገርዎ የለም።

ከግቢዎ በር ማዶ ፀሐይ ላይ ቆሜ የምጠብቅ፣ በእርስዎ ሥራ ብዛት ሳይሆን በራሴ ትዕግሥት የምገረም፣

ታዛዥዎ ንጋትወርቅ ትግሉ
ሰመራ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማስገባቴ በፊት ለአሪፋ አንብቤላት ነበር። ስለ እርስዎ የጻፍኩትን አንድ አንቀጽ እንዳወጣው ለመነችኝ፤ ሰውዬው ካሴቷን ሰምቷት አያውቅም፣ ቢሰማት ኖሮ እንዲያ ባላለኝ ነበር ብላ ባለቻት ድምፅ ተከራከረችልዎ። እስካሁን ከጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ ስለ እርስዎ ደግ ነገር የተናገረችው እርሷ ብቻ ስለሆነች አፍሬ አንቀጹን አውጥቼዋለሁ። ግን አልቀደድኩትም፤ እስከ ማክሰኞ ድረስ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።