በፍርድ ያገኘኋቸው ልጆች

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ደረጃውን ያስወጣሻል ወይስ አሁንም በየእርከኑ ቆመሽ ትደራደሪያለሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ማለቴ እበላለሁ፣ አነባለሁ፣ ከሁሉም በላይ እተኛለሁ። ውጭ ሳለሁ እንቅልፍ እንዴት ይሸሸኝ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ እዚህ ግን ገና ትራሱን ስነካው ይዞኝ ይሄዳል። ችግሩ ይዞኝ የሚሄደው ወደ ሰው ቤት ነው።

በሩ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው እስከ ልጅ ቁመት ድረስ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ቤት ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉ። ትንሿ ጫማዋን አቀያይራ ታደርጋለች፤ የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ። ጎንበስ ብዬ አስተካክልላታለሁ፤ በሚቀጥለው እንቅልፌ እንደገና አቀያይራ ትመጣለች። ሙያዬ እርማት ስለሆነ አልሰለቸኝም።

ልጆቹ እዚህ እስር ቤት ከጎኔ የሚተኛው ሾፌር ልጆች ናቸው። እንዴት የኔ እንደሆኑ ደግሞ እነሆ።

የፍርዱ ቀን አንቺ ኮሪደሩ ላይ እስክትጠሪ ስትጠብቂ ችሎቱ ውስጥ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። አቃጥለሃል የተባልኩት መጋዘን በነደደበት ምሽት ያንቺን መጋረጃ ስሰቅል ማምሸቴን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ጠበቃዬ ግን ምስክር እንዳለኝ እንኳ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘችም። መንግሥት ያቆመልን ጠበቃ ናት፤ ለኔም፣ ለሾፌሩም፣ ከኛ በፊትና ከኛ በኋላ ለቀረበው ሁሉ። ችሎቱ በር ላይ ክንዴን ይዛ፣ “እርስዎ የትኛው ነዎት?” አለችኝ። የማተሚያ ቤቱ አራሚ ነኝ አልኳት። “አዎ፣ አዎ” አለች፤ ትውውቃችን በዚሁ አለቀ። ከዚያ ዘበኛው መጋዘኑን ያቃጠለው ረጅም፣ ባለመነጽር ሰው ነው ብሎ መሰከረ። በከተማው ውስጥ ረጅምና ባለመነጽር እኔ ብቻ ሆኜ ስለተገኘሁ ጥፋተኛ ተባልኩ።

የቅጣት ማቅለያ ካለሽ ተናገሪ ተባለች። ተነሣች። እትዬ፣ እንዲያ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም። ሦስት ሴቶች ልጆች እንዳሉኝ፣ ትንሿ የመኪናዬን ጡሩምባ ካልሰማች እንቅልፍ እንደማይወስዳት ስታስረዳ እኔም ሆዴ ባባ። መኪና የለኝም። እጄን አነሣሁ። ዳኛው “ተከሳሽ፣ ጠበቃህ እየተናገረችልህ ነው፤ አታቋርጣት” አሉኝ። ለልጆቹ ሲባል ቅጣቴ ቀለለ።

ቀጥሎ ሾፌሩ ቀረበ። ጭነት ሰርቀሃል የተባለ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ሳሙና ሲዋስ እንኳ ያፍራል። ጠበቃችን ላጤና ጸጥተኛ፣ ከመጽሐፍ በቀር ጓደኛ የሌለው ሰው መሆኑን አስረዳችለት። ቤት የሚጠብቀው የሌለው ሰው ጊዜው አይረዝምበትም ብለው ይመስለኛል፣ ዳኛው የኔን እጥፍ ሰጡት።

አሁን ጠዋት ጠዋት “ጋሼ፣ ልጆቻችን እንዴት አደሩ?” ይለኛል። ያየሁትን እነግረዋለሁ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል። የጫማውን ነገር የነገርኩት ዕለት ግን ዓይኑን ገለጠ። እሱን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጠበቃዋ መጣች። የሾፌሩ ሚስት መንገድ ላይ አስቁማ ስህተቷን ነግራታለች። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ተቀመጠችና፣ ገና ስትጀምር እንቅልፍ ጣላት። ጉንጯን ክንዷ ላይ አሳርፋ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በፍርግርጉ ገብታ ጀርባዋን አሰመረችው። ጠባቂው “ለመተኛት ከሆነ አልጋ አለን እኮ” አለኝ። “ተዋት፣ እሷም ፍርደኛ ናት” አልኩት፤ እሱም ተዋት። ጸጥታው እኔንም ሸለብ አደረገኝ መሰለኝ፤ ትንሿ ልጅ በበሩ ገባች። ጠጋ ብላ ፊቴን አየችው፣ ቆይታ አየችው፤ ከዚያ ሌላ ሰው ፍለጋ ሄደች።

ጠበቃዋ ስትነቃ የሁለታችንም የይግባኝ ጊዜ ዓርብ እንደሚያልቅ፣ እስከዚያም በየቀኑ ችሎት እንዳለባት ነገረችኝ። “ግድ የለም፣ ሁለቱንም እጽፋለሁ” አለች። ሁለቱንም ከጻፍሽማ ሾፌሩ እንደገና ላጤ ሊሆን ነው አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነና መሀረብ ፈለገች። በመጨረሻ እውነቱን አወጣችው፤ በወጉ ልትጽፍ የምትችለው አንዱን ብቻ ነው። “የእርስዎ ይሻላል። እህትዎ ከመሰከሩ ይወጣሉ” አለችኝ። ቀኑ ካለፈም በኋላ ማስፈቀድ ይቻላል ይባላል፤ የተፈቀደለት ሰው ግን እዚህ ግቢ ውስጥ አላጋጠመኝም።

የማንን እንደምትጽፍ ነገርኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ ነገርኳት። ለሾፌሩ ትንፍሽ እንዳትል አስምዬያታለሁ።

እንግዲህ እትዬ፣ ላስቸግርሽ ነው። ለኔ ቀለም ያስቀባሽውን ክፍል አከራዪው፤ ሰው የማይተነፍስበት ቤት ይሻግታል። ቀጠሮው ሲደርስ ደግሞ፣ አቅም ካገኘሽ፣ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ሂጂልኝ። አንዲት ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋር ትመጣለች። ፈሪ ናት አሉ፤ አጠገቧ ተቀመጪላት። ትንሿ ጭንሽ ላይ ልውጣ ካለች አትከልክያት። ስም ሲጠራ ግን እንዳትነሺ፤ የሚጠራው የኔ አይደለም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽ ሳቅ አይጣ፣ ቁጣሽም ቶሎ ይብረድልሽ።

የምትወጂውና ዛሬ የምትቆጪው
ታናሽ ወንድምሽ