ለአንተ የተራመድኳቸው ሰባት ቀናት

ውድ ባለቤቴ፣

እህትህ ቤት ከገባህ ዛሬ አስራ ዘጠነኛ ቀንህ ነው። ስልክ ስለማታነሳ በወረቀት መጣሁ። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

ለውፍረትህ ከታዘዘልህ የሆድ ቀዶ ሕክምና በፊት ሐኪሙ ያቺን እርምጃ ቆጣሪ ሰጥቶህ፣ "ሰባት ቀን ወገብህ ላይ አድርጋት፤ በቀን አምስት ሺህ ካልሞላህ ቀጠሮው ይራዘማል" እንዳለህ ታስታውሳለህ። የመጀመሪያውን ቀን ከወንበር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ወንበር ስትል ዘጠኝ መቶ ሆነ። "አለቀልኝ" ብለህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክ። ሁለት ደረጃ ወጥተህ ስታለከልክ እሰማህ ነበርና እስከሚራዘመው ቀጠሮ በሕይወት የምትቆይ አልመሰለኝም። ነጋዴ ነኝ፤ መላ አላጣሁም። ዓይንህ እያየ ቆጣሪዋን ወደ ዜሮ መልሼ ከቀሚሴ ሥር ታጠቅኳት።

ሰባት ቀን ሙሉ ሱቃችን ውስጥ ለአንድ ሜትር ጨርቅ ገዢ ሳይቀር ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ አወረድኩ። መጋዘን እየሄድኩ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጎረቤታችን ኮፍያ ሻጩ በር ላይ ቆሞ፣ "እትዬ፣ ለሩጫ ተመዘገብሽ እንዴ?" ይለኝ ነበር። አንተም ወንበርህ ላይ ሆነህ፣ "ቀስ በይ እንጂ፣ አደከምሽኝ!" እያልክ ትስቃለህ። ያን ሳቅህን እወደው ነበር።

በማስታወሻዬ እንዳሰፈርኩት በቀን ስምንት ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ ሞላን። ሐኪሙ ትከሻህን መታ መታ አድርጎ "ጎበዝ!" አለህ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። በስምንት ወር አርባ ኪሎ ወረደልህ፤ ቀበቶህን በሚስማር ሦስት ጊዜ በሳሁልህ። ወንበሩ ግን ያው ወንበር ነው። "እስከ አደባባዩ ብቻ አብረን እንሂድ" ስልህ፣ "ሆዴን ያስቆረጥኩት እኮ ላለመድከም ነው" አልከኝ።

ከዚያ ለክትትል ስንሄድ ቆጣሪዋ እንደገና ተሰጠችህና በራስህ ወገብ ላይ በቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቆጠረች። ሐኪሙ ደነገጠ። "ከስምንት ሺህ እዚህ ድረስ? ውስጥህ የሆነ ችግር አለ።" እውነቱን ትነግረዋለህ ብዬ ዓይን ዓይንህን አየሁህ፤ አንተ ግን እንዲህ አልከው፦

"እውነት ነው ዶክተር፣ ድሮ እንደ ልቤ ነበር የምሄደው። ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ወዲህ ነው አቅም ያጣሁት።"

እንዲያ ስትል ውለህ ስታድር ራስህም አመንከው። እህትህ ደውላ፣ "ወንድሜ እኮ ፈረስ ነበር! አንቺ ነሽ ገፋፍተሽ ያስቀደድሽው" አለችኝ። ፈረስ! አንተ ታርማታለህ ብዬ ጠበቅኩ። አንተ ግን ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ።

ትናንት፣ ስልክ ቁጥሬ ፋይልህ ላይ ስላለ፣ ነርሷ ደወለችልኝ። ረቡዕ ዳግም ሊከፍቱህ ነበር። ጤነኛ ሆድ ውስጥ የእኔን እግር ሊፈልጉ!

ሄጄ ለሐኪሙ ሁሉን ነገርኩት፤ ደብተሬንም ገልጬ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ፣ "ቀዶ ሕክምናው ላይ ቢሞትስ ኖሮ?" አለኝ። የረቡዑ ቀርቷል። ፋይልህ ላይ የነበረው የእኔ ስምንት ሺህ ተሰርዞ የአንተ ዘጠኝ መቶ ተጽፏል።

እህትህ ትስደበኝ፤ ጥፋቴን አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ተራመድ ብሎሃል። ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም። ብትመጣ ግን በመኪና አይሁን፤ መንገዱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።

እስከ ዛሬ ድረስ ሚስትህ