ከእናቴ አልጋ በላይ ስላለው የአንበሳ ድርሻ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና፣ የማይቆራረጥ እንቅልፍና ከራስ በላይ የማይንቋቋ ጣሪያ ከልቤ እመኛለሁ። የእኔን ደኅንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ አለሁ፤ እናቴም አለች። ነገ ግን የሕንፃችን የውሃ ቀን ስለሆነ ከዛሬ አሳልፌ ስለ ደኅንነታችን ለመናገር አልደፍርም።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ በዋናው መግቢያ በር ላይ ለጥፌ ሁሉም እንዲያነበው ማድረጌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በአካል መጥቼ በነገርኩዎ ጊዜ ሁሉ ራስዎን እየነቀነቁ በታላቅ ትዕግሥት ሰምተውኛል፤ "እናየዋለን" ብለውም እስከ ደረጃው ድረስ ሸኝተውኛል። እኔም እያየሁት ነው። በጀርባዬ ተኝቼ ከሥሩ ስለማድር፣ እርስዎ በሚወዱት አነጋገር ልናገርና፣ የማየቱን የአንበሳ ድርሻ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ይህን አነጋገር ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ከእንግሊዝኛ የመጣ መሆኑን፣ ትርጉሙም ከሁሉ የበለጠውን እጅ መውሰድ መሆኑን በመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ ቆመው ካስረዱን ወዲህ ያለ እርሱ ተናግረው አያውቁም፤ ለጽዳቱ የአንበሳውን ድርሻ የሚወስዱት ዘበኛው ናቸው፣ ለጩኸቱ ደግሞ የአንበሳውን ድርሻ የያዙት የመጀመሪያው ፎቅ ልጆች ናቸው። ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን። እቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ግን "አንበሳ ደግሞ መቼ ከማን ጋር ተካፍሎ ያውቃል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ያህል፣ እኔ የላይኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምኖረው በሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ መኪናዬና ጨርቄ አሉ፣ በሌላው እናቴ ተኝታለች። ዳሌዋ ተሰብሮ ብረት ገብቶላታል፤ ከሆስፒታል ስትመለስ ጠባቡን ደረጃ በወንበር ተሸክመው ሲያወጧት የጮኸችውን ጩኸት ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ሐኪሙም አጥንቱ እስኪይዝ ድረስ ዳግመኛ እንዲህ ብትንቀሳቀስ ብረቱ ይለቃል ብሎናል። ስለዚህ "ለምን ለጊዜው ወደ ዘመድ አትሄዱም?" ለሚል ቅን አሳቢ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው። ወጥ ቤት ላስተኛት ብዬ በሜትሬ ለክቼ ነበር፤ አልጋው በበሩ አያልፍም።

ወደ ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ታንከሩ የተገዛ ጊዜ "ለታንከሩ ቅርብ በመሆናቸው የውሃውን የአንበሳ ድርሻ የሚያገኙት የላይኛው ፎቅ ነዋሪዎች ናቸው" ብለው ሲያበሥሩን ከሁሉ ጠንክሬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ውሃ ወደ ታች እንደሚሮጥ ያን ቀን ከመካከላችን አንድም ሰው ትዝ አላለውም። ምድር ቤት ያሉት ቧንቧ ሲከፍቱ ይንፎለፎላል፤ የእኔ ቧንቧ ግን ጉንፋን እንደያዘው አፍንጫ ጠብ ጠብ ይላል። ቢሆንም ቃልዎ መሬት አልወደቀም። ውሃው ባይደርሰን ክብደቱ ደርሶናል፤ ከዚያ ቀን ወዲህም እየበዛልን ነው። ኮሚቴው አንድ ታንከር ካወጣ በኋላ ፀጉር አስተካካዩ "የኔ አንድ ምን ታህላለች" ብሎ የራሱን አወጣ፤ የባንክ ሠራተኛውም እንደዚያው፤ አስተማሪዋም እንደዚያው፤ እኛ ቆጣቢት የምንላቸው እመቤት ደግሞ አንዱን ለቤታቸው፣ ሌላውን "ምናልባት እንግዳ ቢመጣ" ብለው አስቀመጡ። ከመካከላቸው ክፉ ሰው የለም። እያንዳንዱ ያወጣው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው፤ አንድ ላይ የወጣውን ሁሉ የምሸከመው ግን እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፦ እነዚህ ሁሉ ታንከሮች የተደረደሩት የውሃው መስመር በዚያ በኩል ስለሚወጣ ነው ተብሎ በእኛ ቤት አናት ላይ ብቻ ነው። የጣሪያው ሌላኛው ወገን፣ ማለትም ከሥሩ ደረጃና የዕቃ ክፍል እንጂ የሚተኛ ሰው የሌለበት፣ በወፍራም ግድግዳ የተያዘው ወገን፣ ለእርስዎ አበባዎችና ለአረንጓዴው የጥላ ሸራዎ ተመድቧል። ታንከሮቹ ወደዚያ ይዛወሩ ብዬ ስለምንዎ "ሕንፃው ውበትም ያስፈልገዋል" ብለውኛል፤ እውነትዎን ነው። እኔም ሰው ሲያልፍ ቀና ብሎ "እንዴት ያለ ያማረ ሕንፃ ነው!" ሲል እሰማለሁና ደስ ይለኛል፣ እናቴን ይዤ ጣሪያውን እያየሁም ቢሆን።

ሦስተኛ፦ ከእናቴ አልጋ በላይ ጣሪያው ላይ የወጣውን ስንጥቅ ያሳየሁዎ ጊዜ ያሳዩትን ፍጥነት ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። በማግስቱ ቀለም ቀቢ ላኩልኝ። ሰውዬው ቀና ብሎ አየና ብሩሹን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስሮ፣ አንድ እግሩን ደጅ አድርጎ ስንጥቁን ነጭ ቀባው። መሥራቱን ሲጨርስ ሻይ ልስጥህ ብለው ውጭ ቆሜ ልጠጣ አለኝ። ስንጥቁ አሁንም እንዳለ አለ፤ አምሮበታል እንጂ አልጠፋም።

አራተኛ፦ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚይዘውና እኔም የማውቀውን ያዝኩ። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ መርፌ ተክዬ ቀጭን ክር ላላ አድርጌ አሰርኩበት። ታንከሮቹ ባዶ ሲሆኑ ክሩ ይረግባል፤ ሲሞሉ ይወጠራል። ስንጥቁ እንደ አፍ እየተከፈተና እየተዘጋ መሆኑን ለማወቅ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገኛል? ይህንን በስብሰባ ላይ ስናገር እርስዎ ፈገግ ብለው "ክርም መሐንዲስ ሆነ እንዴ?" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ያኔ የፈረሰው ቤት በሳቅ ብቻ መሆኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ፈርቼ ነው የሳቅኩት፤ ሰው ሲፈራ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ይህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ባለፈው የውሃ ቀን መርፌዋ ከነክሯ ተነቅላ እናቴ ብርድ ልብስ ላይ አገኘኋት።

አሁን ክቡርነትዎ ይፍቀዱልኝና ቁጥሩን ለጊዜው ልተወው፤ ፍርሃት በተራ ቁጥር አይመጣም።

በሕንፃችን የቆየ ልማድ አለ፤ ውሃ መምጣቱን መጀመሪያ የሰማ ሰው ቧንቧውን በማንኪያ ይመታል፤ ያ ድምፅ ከፎቅ ወደ ፎቅ ይወጣል፤ ሰዉም ሁሉ ባለበት ሥራውን ጥሎ ወደ መክፈቻው ይሮጣል። ያን ድምፅ እኔም እወደው ነበር። አሁን ግን ማንኪያው ቧንቧውን ሲነካ የስፌት መኪናዬን አቆማለሁ፤ ድምፁ የጣሪያውን ድምፅ እንዳይሸፍንብኝ ነው። ከዚያ ከላይ ውሃው ሲንዠቀዠቅ፣ ቀጥሎም ሲከብድ፣ ቀጥሎም ያ ሶሌታ፣ የጣሪያው ኮንክሪት፣ ቀስ ብሎ ቋ ሲል እሰማለሁ። እናቴ አልጋ ላይ ወጥቼ አጠገቧ እተኛለሁ፤ ምን ልጠቅማት እንደሆነ አላውቅም። ቢወድቅ ሁለታችን ላይ ይውደቅ ብዬ ይመስለኛል።

ለእናቴ አንድም ነገር አልነገርኳትም። ትራሷ ላይ የሚዘንበውን አቧራ "የጎረቤት እድሳት ነው" እያልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ እዋሻታለሁ። "ይህ ጎረቤት የሚያድሰው ቤተ መንግሥት ነው እንዴ፣ አያልቅለትም?" ትላለች፤ እስቃለሁ። በቀደም ግን ፀጉሯን ሳበጥርላት ዞር ሳትል "አንቺ ከእንግዲህ እዚያኛው ክፍል ተኚ፤ እኔ እንደሆንኩ ብቻዬን መተኛት ለምጃለሁ" አለችኝ። እናቴ ብቻዋን መተኛት ለምዳ አታውቅም፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ እጄን ይዛ ነው የምታድረው። ሁሉንም ነገር ስታውቅ እንደኖረች፣ እኔም እንዳልደነግጥ ብላ እንደደበቀችኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ማበጠሪያውን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። ያኛውም ክፍል ያው ስንጥቅ እንዳለበት አልነገርኳትም።

አምስተኛ፦ ወደ ቁጥሬ ተመልሻለሁ። ባለፈው የውሃ ቀን ከካውያዬ የሚበልጥ የልስን ቁራጭ ከነቀለሙ ከአልጋው ግርጌ ወደቀ። እግሮቿ የሚያርፉበት ቦታ ነው፤ ላጥባት ብዬ ወደ ራስጌ ሳብ አድርጌያት ስለነበር ነው የተረፈችው። እርስዎም ሲነገርዎ ሳይውሉ ሳያድሩ መጡልን፤ ቁራጩን አገላብጠው ተመለከቱና "ይህማ ልስን ነው፤ ሶሌታው አይደለም፤ እንኳን አተረፋችሁ" ብለው አጽናኑን። ይግቡ፣ ይቀመጡ ብዬ ወንበር ባቀርብልዎ ሰዓት የለኝም አሉ፤ ያን ሁሉ የተናገሩትም ከመድረኩ ሳያልፉ ደጅ ቆመው ነው። ስለዚህ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ የምፈራው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ስድስተኛ፦ ወደ ጣሪያው የሚያወጣው በር ቁልፍ በእርስዎ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው። ሌባ እንዳይገባ ያሰቡት አሳቢነት ነው፤ እኔ ግን እዚያ ያስቀመጥኩትን የራሴን በርሜል እንኳ ወጥቼ ማፍሰስ አልቻልኩም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። መሐንዲስ መጥቶ እስኪያየው ድረስ ታንከሮቹ ባዶ ይሁኑ፤ ነገ ውሃ ሲመጣ ሰው ሁሉ በባልዲ ይቅዳ፤ እናንተም ጎረቤቶቼ፣ ይህን በር ላይ ቆማችሁ የምታነቡት፣ ማንኪያውን ከመምታታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ አስቡን። ታንከሮቹ ወደ አበባዎቹ ወገን ሲዛወሩ ማሰሮዎቹን እኔ ራሴ አንድ በአንድ አወርዳለሁ፤ ውሃም አጠጣቸዋለሁ። እርስዎ ብቻ ቁልፉን ያውጡ። ጽሑፌ ስለተወላገደ ይቅርታ፤ ስፌቴ እንኳ ከሰሞኑ እየተጣመመ ደንበኞቼ ይቆጡኛል።

በመጨረሻም፣ ስለ ነጩ ቀለም፣ ስለ ሕንፃችን ውበት፣ ስለ ትዕግሥትዎና ስለ "እናየዋለን" ያለብኝን የማያልቅ ምስጋና በድጋሚ እያቀረብኩ፣ ነገ ከሰዓት በኋላም ይኸው ምስጋና አቅራቢ ሆኜ እንድገኝ የእርስዎን መልካም ፈቃድ በታላቅ አክብሮት እጠባበቃለሁ።

ሁልጊዜም ከበላይዎ የምኖር፣ ነገር ግን ከእግርዎ ሥር የምገኝ፣
ታዛዥዎ የላይኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ምራትዎ በዚህ ሳምንት ቀሚስ ልትለካ መጥታ እናቴ ክፍል ገብታ ነበር። ቀና ብላ አየች፤ ቀሚሱንም ሳትለካ ወረደች። የእርስዎ ቤት ከእኔ ቤት ሥር መሆኑን እርሷ አልረሳችም። የሕፃን ልጇን አልጋ ያንኑ ቀን፣ ስብሰባ ሳትጠራና ድምፅ ሳታሰጥ፣ ወደ ሳሎን አዛውራዋለች፤ ለእርስዎ "ያ ክፍል ብርድ ያስገባል" ያለችዎ ለዚህ ነው። ደብዳቤው ውስጥ ላንሣው ወይ ብዬ ብጠይቃት "ጻፊው፤ እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም" ብላኛለች። የሕፃኑ አልጋ በነበረበት ቦታ አሁን የእርስዎ የማንበቢያ ወንበር እንደገባም ነግራኛለች። ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ሁሉ ሽሙጥ መስሎዎት ይሆናል፤ አብዛኛውም ነው። ይህ ግን አይደለም፤ ነገ ውሃ ሲመጣ እባክዎ እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጡ።