በሙቅ አየር የሚሠራው ምድጃ

ጂንግዪ፣

ባቡሬ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ እናቴ ጋ ቻንግሻ እየሄድኩ ነው።

በረንዳው ላይ ያለው ካርቶን ያንቺ ነው። አንቺ ያኔ የፈለግሽው፣ በሙቅ አየር የሚሠራው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መበየጃ ምድጃ ነው።

"ለሁለት ሰው ይበቃል" ብዬ በእሱ ፈንታ ትንሹን ባለመሳቢያ ምድጃ ያስመረጥኩሽ እኔ ነኝ። የሰሌዳሽን ዳር አሳርሮ የመሃሉን ብየዳ ሳያቀልጥ ሲቀርም "ሰሌዳው ነው እንጂ ምድጃው ምን አለበት!" ብዬ ተሟገትኩ።
ሰሌዳው ደህና ነበር።

መጀመሪያ ባዶ ሰሌዳ ላይ ሞክሪው። መስኮት ክፈቺ።
ዳቦ እንዳታሞቂበት።

ያረረው ለአባትሽ ስንት ወር የደከምሽበት የመስሚያ መሣሪያ ነበር። ለበዓል መጥተው ድምፅሽን ሳይሰሙ ተመለሱ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ይኸው ሁለት ወር፣ በአንድ ወጥ ቤት ለየብቻችን ኑድል እንቀቅላለን።

ኋቺያንግቤይ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ይህን ምድጃ ስገዛ ሻጩ "ጓደኛሽን የት ጣልሻት?" አለኝ።
"ሥራ በዝቶባት ነው" አልኩት።

ከመስሚያው ሥራ የተረፉት ትናንሽ ዕቃዎች ሰማያዊው ሣጥን ውስጥ ናቸው። ለአንድ ሌላ መስሚያ ይበቃሉ።

የቤቱን ቁልፍ ይዤ ሄጃለሁ። መልሺው ካልሽኝ በፖስታ እልክልሻለሁ።
ካላልሽኝ እሑድ እመጣለሁ።

ኪያውሩ