የተደፋው ቅል

አዳማ፣ ጥቅምት ፲፱፻፳፫

ለወንድሜ ለንዋይ፣ ድሬዳዋ

ወንድም ዓለም፣ የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

እዚህ የባቡር ጣቢያው ሰፈር ሰዎች ማኅበር ገብተናል። የጻድቅ ስም የለውም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። የቸገረው ሰው ቅሉን ደጃፉ ላይ ይደፋል፤ ያየ ሁሉ ያግዘዋል። ምን ሆንክ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እርዳታው ሲበቃው ራሱ ቅሉን ያቃናል።

ትናንት ጎረቤቴ ባጫ ደጃፌ ላይ ቢቆም፣ ንዋይ መጣ ብዬ እልል አልኩ። ሲስቅ ነው ማንነቱን ያወቅሁት። ክሩንም በመርፌው ቀዳዳ የምታስገባልኝ ሚስቱ ዘርፉ ናት።

ዛሬ ጠዋት እኔም ቅሌን ደፋሁ። ከገበያ ስመለስ ውሃው ተቀድቶ፣ ምስሩ ተለቅሞ ጠበቀኝ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አንተም አትጠይቀኝ። ስትመልስልኝ ብቻ ፊደሉን አጉልተህ ጻፈው።

ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ አሰለፈች