ባለሥልጣን ሳይመጣ የተቆረጠው ሪባን

አቶ ወልደ ጻድቅ ገድሉ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገድሉ አስማማው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ምናሴ በ1957 ዓ.ም. በጣና ዳር፣ በዘጌ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በባሕር ዳር ተከታተሉ። በ1980 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቀው ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው አክታ ሲመረምሩ ኖሩ። አክታ ሲባል ፊቱን የሚያጨፈግግ ዘመድ አለ፤ ያጨፍግግ! በሠርግ ላይ ሳህን ለብቻቸው ያቀረቡላቸው እነማን እንደ ነበሩ ራሳቸው ያውቁታል።

በ1987 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሥርጉት አዘዘ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ጸሎትንና ርሆቦትን ወልደዋል።

በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፈጣኑ የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ለሀገሪቱ የሕዝብ ላቦራቶሪዎች ሲታደል፣ ለሚሠሩበትም ቤት አንድ ደረሰ። በሽታው መኖሩንና ዋናው መድኃኒት የማይበግረው መሆኑን በሁለት ሰዓት ይለያል። ሥልጠናውን ወስደው ተዘጋጅተው ነበር። ታዲያ ምን ተደረገ? ባለሥልጣን መጥቶ ይመርቀዋል ተብሎ፣ ሪባን ታስሮበት አምስት ወር ከነካርቶኑ ተጎለተ! በሽተኛው ኮሪደር ላይ ደም ይተፋል፣ አለቆቹ ስለ ድንኳንና ስለ ምሳ ይሰበሰባሉ። ኧረ ምን ዓይነት ቅሌት ነው!

ደም ከሚተፉት አንዷ እኔ ታናሽ እኅታቸው ነበርሁ። በአጉሊ መነጽር ሁለት ጊዜ መርምረው ነጻ ነሽ ብለውኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው። በታላቅ ወንድሜ ፊት ከደረቴ አክታ መሳብ ነውር መስሎኝ፣ ንጹሕ ምራቅ እንትፍ ብዬ ነበር የሰጠኋቸው። እየመነመንሁ ስሄድ ነገሩ ገባቸው። የካቲት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ወደ ጓሮ ወስደውኝ፣ ጀርባቸውን አዙረው፣ «በይ እንግዲህ፣ እኔ የለሁም» አሉኝ። ከዚያም ሪባኑን በመቀስ ቆርጠው መሣሪያውን አስነሡ።

ተራው መድኃኒት የማይነካው ቲቢ ተገኘብኝ። በዚያ ሳምንት እንደ እኔ ያሉ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተገኙ። መሥሪያ ቤቱ ምስጋና ጻፈላቸው? የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላቸው እንጂ! ሁለት ዓመት ንብረት ክፍል አስቀመጣቸው። ከወር በኋላም በሚሠራው መሣሪያ ላይ አዲስ ሪባን አስረው፣ አጨብጭበው መረቁት። እሳቸውን የጠራቸው የለም።

ወደ ሙያቸው ተመልሰው እስከ ጡረታቸው ሠሩ። በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በባሕር ዳር ዓባይ ማዶ በሚገኘው ቤታቸው በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አንድ እኅታቸው ቀርተዋል።

የዚያን ጊዜ አለቆቻቸው ዛሬ ጥቁር ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው፤ እኔ ገና አልቻልሁም። የወንድሜን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ። ይህን ሁሉ ሳላስል ያነበብሁት በእሳቸው ነው።

እኅታቸው እናትዓለም ገድሉ