የእማዬን መኪና ላጋጨው ወንድሜ

ውድ ሹንፔይ፣

ሸርጣኑ ደርሶናል። እግር እግሩን አባዬ በላው፣ ለእኔ ቅርፊቱን ተወልኝ። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ አልጻፍክም። ግን ዕቃ አመላላሾቹ ያለ ላኪ አድራሻ አይቀበሉምና፣ የተደበቅክበትን ከተማ፣ መንደሩን፣ የሠራተኞች ማደሪያውን ክፍል ሳይቀር በገዛ እጅህ ጽፈህ ላክህልን። ጎበዝ! መደበቅ እንዲህ ነው እንጂ! ወይ ደግሞ እንድናገኝህ ፈልገህ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ አንጀቴን በላኸው። ስልክ አታነሳም፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ፣ አንተም እስከ መጨረሻው ታነባለህ። መቼም ታላቅህ ነኝ።

መጀመሪያ ዋናውን ልንገርህ፤ አባዬ አልተቆጣህም። ውይ፣ ውሸቴን ነው፣ ተቆጥቶ ነበር። ግን አንተ ባሰብከው ነገር አይደለም።

አንተ የላክህልን መልእክት ይቺው ናት፦ «የእማዬን መኪና ሰበርኳት። ለጊዜው አትፈልጉኝ።» በቃ። ከዚያ በኋላ አባዬን ዓይኑን ማየት የማትችል መስሎህ፣ ከኛ ደቡብ ተነስተህ እስከ አገሩ ሰሜን ጫፍ ሄደህ ዓሣ ታሽጋለህ። እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ ለጎረቤት «ሥራ ተቀይሮ ነው» እያልኩ እዋሻለሁ። አሁን እየሳቅኩ ብጽፍም ያን ሰሞን አንጀቴ ነበር ሲቃጠል የከረመው።

የዚያን ቀን ከመልእክትህ በፊት የተደወለው ለእኔ ነው። ክሊኒክ ነበርኩ፣ እጄ የአንድ ሽማግሌ አፍ ውስጥ። ከመኪና መወዳደሪያው ትራክ ጽሕፈት ቤት ነው ሲሉኝ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ ተቀበልኩ። ሰውዬው ትሑት ነው። መጀመሪያ በሥራ ሰዓት ስላስቸገረኝ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ ስለ አየሩ አንድ ነገር አለ፣ ከዚያ ደግሞ «የወንድምዎ መኪና እዚህ ቀርታለችና፣ ሲመችዎ...» አለ።

«ወንድሜስ?» ብዬ ጮህኩ።

«እሳቸውማ ደህና ናቸው፣ በእግራቸው ነው የወጡት። ባቡር ጣቢያ ድረስ ባልደረባችን አድርሷቸዋል።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ስል ሰምቶ ለእሱ ጥርስ መስሎት «ተረፈልኝ እንዴ?» አለኝ።

አባዬን ይዤ መኪናዋን ልናይ ሄድን። መቼም እሱን ታውቀዋለህ፤ ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ነድቶ የማንንም መኪና ሳይጭር ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እማዬ ደግሞ በዚያች ነጭ መኪና የተራራውን ጠመዝማዛ መንገድ ስታበረው፣ ጎኗ ተቀምጦ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ የሚይዝ። እማዬ ከሞተች በኋላ መኪናዋን ሸራ አልብሶ አቁሟት ነበር። «ቆማ ከምትዝግ ትነዳ» ብሎ ቁልፉን የሰጠህ እሱ ራሱ ነው።

መኪናዋን ሳያት አፌን ያዝኩ። የግራ ጎማዋ ወደ ውስጥ ዞሮ እንደ ወለምታ እግር ተንጋዷል፣ ኮፈኗ ታጥፎ ቆሟል፣ ፓራፋንጎው ጭራሽ የለም፣ የራዲያተሩ ውኃ አስፋልቱ ላይ ደርቆ ምልክት ሠርቷል። አባዬ አንድ ጊዜ ዞራት። ሁለተኛ ሊዞር ጀምሮ የሾፌሩን በር ሳብ ቢያደርገው ወለል ብሎ ተከፈተ። ገባና ተቀመጠ። መሪውን ያዘ። ወንበሩን፣ ጣሪያውን፣ ከጉልበቱ በላይ ያለውን ቦታ ሁሉ በመዳፉ ዳበሰ። እኔ ሊያለቅስ ነው ብዬ ቀረብ ስል ቀና ብሎ አየኝ።

«ቺጉሳ፣ ልጁ የተቀመጠው እዚህ ነው አይደል?»

«አዎ አባዬ።»

«እዚህ ምንም አልተነካም። ተመልከች፣ ምንም!» አለና እንደ ሕፃን ሳቀ። እኔ በበኩሌ እዚያው ቆሜ ተንሰቀሰቅኩ።

ቁጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከመኪናው ወርዶ ሱሪውን አራገፈና የጽሕፈት ቤቱን ሰው «ልጄ ሰዉን ይቅርታ ሊጠይቅ ዞሯል?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ «እሱ ላይ እንኳን... እንግዲህ...» አለና በጥርሱ መሃል አየር ሳበ። አልዞርክም ማለት ነው። አባዬ ጆሮው ድረስ ቀላ። አንተ ሰው! በአንተ ምክንያት ሁሉን የሚያስቆመው ቀይ ባንዲራ ወጥቶ የስንቱ ሰው የመጨረሻ ዙር ሲሰረዝ፣ ከመኪና መኪና ዞረህ ጎንበስ ሳትል እንዴት ትሄዳለህ? አውቶቡሱ ትንሽ ከዘገየ በድምፅ ማጉያው ለተሳፋሪው ሁሉ ይቅርታ የሚጠይቅ አባት ልጅ ነህ እኮ። የመኪናዋ መሰበር ግድ አልሰጠውም፤ ይህን ግን ሊውጠው አልቻለም።

«በሚቀጥለው ስብሰባቸው እኔ እዞርለታለሁ» አለ። ልከለክለው ሞከርኩ። ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስማ። ለይቅርታ የሚሰጠውን ጣፋጭ ብቻውን ሄዶ ገዛ። ስጦታ የማቅረብ ነገር ሁሉ የእማዬ ሥራ ነበር፤ እሱ በሕይወቱ ሳጥን አስጠቅልሎ አያውቅም። ሱቅ ያለችው ልጅ «ለምን ጉዳይ ነው አባባ?» ስትለው፣ ልጄ ተጋጭቶ ነው ማለት አፍሮ፣ «ለልጄ የመኪና ውድድር» አላት። እሷ ምን ታድርግ? ደስ ብሏት በየሳጥኑ ላይ ያንን ቀይና ነጭ ቋጠሮ የታተመበትን ወረቀት አልብሳ፣ ከሥሩ «ኡራቤ» ብላ የቤተሰባችንን ስም በቆንጆ ጽሕፈት ጽፋ ሰጠችው። ሳብ ሲያደርጉት የሚፈታውን፣ እንደገና የሚታሰረውን ቋጠሮ! ልጅ ሲወለድ የሚሰጠውን! «ይህ ነገር ደጋግሞ ይምጣ» የሚለውን! ለይቅርታ!

እኔ ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ ትራኩ ደርሰን፣ መኪኖቹ ሁሉ ተደርድረው፣ እሱ የድሮ የአውቶቡስ ልብሱን ለብሶ፣ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ፣ መጠቅለያውን ጨርቅ ሲፈታ። «አባዬ፣ ቆይ!» አልኩ። የት ሊሰማኝ! ወደ መጀመሪያዋ መኪና ደርሶ ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን በሁለት እጁ ዘረጋ። መኪናዋ ያቺ ትንሿ ቢጫ ነበረች። ባለቤቷ ወይዘሮ ኦጉሺ፣ ዓሣ ገበያ የምትሸጠዋ፣ ድምጿ ከሞተሯ የሚብስ።

«ልጄ ባለፈው በመጋጨቱ ቀንዎን አበላሽቶብዎታል፤ እባክዎ ይቅር ይበሉን።»

ሴትዮዋ ሳጥኑን አየች። አባዬን አየች። መልሳ ሳጥኑን አየች።

«አባባ፣ ደግሞ ይጋጭላችሁ ነው የሚሉን?»

አጠገቧ ያለው ሰውዬ የጠጣው ሻይ በአፍንጫው ወጣ። ወዲያና ወዲህ ሳቁ ተቀባበለ። አባዬ ምን እንደተባለ ገና አልገባውም፤ ቀስ ብሎ ቋጠሮውን ተመለከተና ፊቱ አመድ መሰለ። «ኧረ ጉድ! ኧረ አዋረድኳችሁ!» እያለ ሳጥኑን ሊነጥቃት እጁን ሰደደ። እሷ ግን ወደ ደረቷ ወሰደችው።

«አልሰጥም! ቆይ እስቲ፣ ነጯን መኪና ሲነዳ የነበረው ልጅ ነው ልጅዎ?»

«አዎ እሱ ነው፤ ላደረሰው ችግር...»

«ምን ችግር አለ! እኔ ነኝ እኮ ኩርባው ላይ እንደ እንዝርት የሾርኩት! የመኪናዬ በር ወደ እሱ ዞሮ ቆምኩ፣ እሱ ከኋላ እየበረረ ነው፣ አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። መሪውን ዳር ወደተከመረው የጎማ ግድግዳ ባይጠመዝዘው ኖሮ ዛሬ ማን እዚህ ቆሞ ይለፈልፍ ነበር? ሐኪሙ ሊያየኝ ወስዶኝ ስመለስ ልጁ የለም። አድራሻውን ብጠይቅ አይሰጡም። መዞር የነበረብኝ እኔ ነኝ!»

ከመኪናዋ ኋላ ሄዳ የራሷን የጣፋጭ ሳጥን አመጣች። ወረቀት የለበትም፣ ቋጠሮ የለበትም፣ እንደ ደንቡ። አንተ ትመጣለህ ብላ ነው የያዘችው። ከዚያ አባዬ ጎንበስ ሲል እሷ ዝቅ፣ እሷ ዝቅ ስትል እሱ የባሰ ዝቅ፣ ግንባራቸው ሊላተም ምንም አልቀረው። አባዬ ጓንቱን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። አላለቀስኩም ይላል። አቧራ ነው ይላል፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ!

ሹንፔይ፣ ለምን አልነገርከንም? «መኪና ሰበርኩ» ብሎ ከመጻፍ «ሰው ላለመግጨት ነው» ማለት ምን ይከብድሃል? ይህን ሳስብ ላንቅህም ላቅፍህም እፈልጋለሁ። በጣም ተጠግቼ ስለነዳሁ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁን፣ ተጠግተህ ይሆናል። ሴትዮዋ ግን በሕይወት አለች። ዓሣም እየሸጠች ነው፣ ሰዉንም እያደነቆረች ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ «እናቱም ብትሆን ወደዚያው ነበር የምትጠመዝዘው» አለ።

ስለ መኪናዋ ደግሞ። መካኒኩ ጋሽ ሙናካታ ጋራዡ አስገብቶ ከሥር ከላይ አያት። «ለቁራሌው ስጧት» ይላል ብዬ ነበር። ሻንሲው ተጣሟል፣ ግን ተስቦ ይቃናል፤ ለከተማ መንገድ ትሆናለች፣ ትራክ ግን ሁለተኛ እንዳታስቡት አለ። የሚገጠምላት ዕቃ ከየት ይምጣ ስንል ደግሞ ጣፋጭ የበላ ሁሉ ባዶ እጁን አይቀርምና መልሱ ይጎርፍ ጀመር። አንዱ ኮፈን በጣሪያው አስሮ መጣ፣ ሰማያዊ። ሻይ በአፍንጫው የወጣው ሰውዬ ራዲያተር። ወይዘሮ ኦጉሺ ቢጫ ፓራፋንጎ ከአንድ ትልቅ ዓሣ ጋር፤ ፓራፋንጎው ራሱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ግቢያችን ቁራሌው የሠፈረበት መስሏል። ጎረቤት ከአጥር በላይ እያየ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይለናል፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

አሁን ትሄዳለች። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ሆና፣ አባዬ እንደ አውቶቡስ ቀስ እያለ ወደ ገበያ ይነዳታል። የትምህርት ቤት ልጆች እጃቸውን ያወዛውዙለታል፣ እሱም በነጭ ጓንቱ ይመልስላቸዋል። እማዬ ብታየው በሳቅ ትፈርስ ነበር። የግራ መብራቷ ብቻ አልተገጠመም፤ በአንድ ዓይኗ ስለሆነ ሲመሽ አትወጣም። ጋሽ ሙናካታ ሊገጥመው ብሎ ብሎኖቹን ሲያነሳ አባዬ እጁን ያዘው። «ተወው፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይገጥመዋል» አለ። እኔ እስካሁን ባለቤቷ እሱ ይመስለኝ ነበር።

ወይዘሮ ኦጉሺ ሳጥኗን ለእኛ አልሰጠችንም። አባዬ ቢለምናትም «ለአባቱ አልሰጥም፣ ለራሱ ነው የምጎነበሰው» ብላ መልሳ ይዛው ሄደች። እስክትመጣ ድረስ ቢሻግት ሌላ እገዛለሁ ብላለች። እንግዲህ የሰው ስግደት ተሸክመህ ነው የጠፋኸው፤ መጥተህ ተቀበል። አንተም ሌሎቹ ጋ ትዞራለህ፣ እኔ ከኋላህ ሆኜ ወገብህ በደንብ መታጠፉን አያለሁ።

ይህን ስጽፍ አባዬ ሦስቴ መጥቶ ከትከሻዬ በላይ አየ። «ምን ልበልልህ?» አልኩት። «ምንም» አለ። አራተኛ ሲመጣ ከጣፋጭ ሳጥኖቹ ከተረፈው አንዱን ወረቀት፣ ያንን ቀይና ነጭ ቋጠሮ ያለበትን፣ ከሥሩ ስማችን የተጻፈበትን፣ በጥንቃቄ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ።

«ይህን ክተቺለት።»

«አባዬ፣ አሁንም ተሳሳትክ እንዴ?»

«አሁን አልተሳሳትኩም» አለና መኪናዋን ሊያጥብ ወጣ።

ከታች ታገኘዋለህ፣ እንዳይቀደድብህ ቀስ ብለህ ክፈተው።

ሸርጣን ስታመጣ እግር እግሩ የሚደርሳት፣
እህትህ ቺጉሳ